ብርድ ልብስ የሚሰቀልበትን መሰላል በቤት ስለ መሥራት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙን ከነፋስና ከዛፍ ያገኘ አገር ነው። ነፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ በነፋስ ቃል ያስተላልፍ ከነበረው የቴሌግራፍ ጣቢያ የተነሣ ሲሆን፣ ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ የሚገኘው መካኒሳም በዚሁ ቋንቋ ብሳና ማለት ነው። የዚህም ንግግር ነገር ከነፋስና ከዛፍ አይወጣም፤ ይኸውም ሌሊት የተለበሰው ጋቢና ብርድ ልብስ ቀን ነፋስ እያገኘው እንዲውል የሚሰቀልበትን ቀላል የእንጨት መሰላል በቤት ስለ መሥራት ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በድኻ ቤት ካለው ዕቃ ሁሉ ብዙ ድካም የፈሰሰበት የቱ እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ የሌሊቱ ልብስ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጥጡ ተፈልቅቆ፣ ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ወደ ሸማኔ እስኪደርስ ድረስ የእናት የብዙ ወር ማታ ያልቅበታል። የመንዝ ባናም ከበግ ጠጕር ተፈትሎ የሚሠራ ነው። የፋብሪካ ብርድ ልብስ የሚገዛውም ሰው ቢሆን ገንዘቡን ከስንት ጕድለት ቈጥቦ ነው። እንዲህ የተደከመበት ልብስ ግን ጧት ሲነሡ ተጠቅልሎ በመደብ ጥግ ወይም በመሬት ላይ ይጣላል፤ ማታም እንደ ተጠቀለለ ይነሣና እንደ ገና ይለበሳል።

ሰው ተኝቶ ሳለ ከገላው ላብ ከአፉም ትንፋሽ ይወጣል፤ ይህም እርጥበት ወደ ልብሱ ይገባል። ልብሱ ተጠቅልሎ ከዋለ እርጥበቱ መውጫ የለውም። በበጋ ጉዳቱ ብዙ አይታወቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን፣ ዝናቡ ሳያባራ ሲሰነብት፣ የጭቃው ግድግዳ ከእግሩ ይርሳል፤ የመሬቱም ቅዝቃዜ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በጋቢው አራት ድርብ መካከል የገባው እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም መሽተት ብቻ አይደለም፣ ጥጡን ራሱን ይበላዋል። ባናውን ደግሞ ብል ያገኘዋል፤ ብል የሚወድደው ጨለማና ማንም የማይነካውን የበግ ጠጕር ነውና። የሦስት ዓመት ጋቢ በአንድ ክረምት ተበጣጥሶ ሲገኝ ሰው የሸማኔውን እጅ ያማል። ጥፋቱ ግን የሸማኔው አይደለም።

ከዚህ የሚከፋም አለ። በደጋው አገር በብርድ ወራት ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ቤት ተጠጋግቶ፣ ሕፃናትም ሁለትና ሦስት ሆነው በአንድ ልብስ ውስጥ ስለሚያድሩ፣ ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ተስቦና ግርሻ የተባሉት በሽታዎች በቅማል የሚመጡ ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል በቱኒስ ከተማ ሆኖ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1909 ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያጋባው የልብስ ቅማል መሆኑን አስረዳ፤ ስለዚህም ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የልብስ ቅማል የሚኖረው በገላ ላይ አይደለም፤ እንቍላሉን የሚጥለውም በልብስ ስፌትና በጥልፍልፉ ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚመጣው ደም ለመጥባት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። መሰላሉ ቅማል አይገድልም፤ ይገድላል የሚል ቢኖር ሐሰት ይናገራል። ቅማልንና እንቍላሉን የሚገድለው የፈላ ውኃ ወይም በስፌቱ ላይ ተጭኖ የሚሄድ የጋለ ካውያ ነው። መሰላሉ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ልብሱ በየጧቱ እንዲዘረጋ ያስገድዳል። የተዘረጋ ልብስ ስፌቱ ይታያል፤ ስፌቱ የታየ ልብስም ቅማሉ ሳይበዛ ወደ እጥበት ይሄዳል። ተጠቅልሎ በጥግ የሚውለውን ማን ያየዋል?

ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ላይ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። አባቶች በግድግዳው ላይ የከብት ቀንድ ወይም ችካል ተክለው፣ ወይም ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ገመድ ወጥረው ልብሳቸውን ይሰቅሉ አልነበረምን? መሰላል ምን ጨመረ? መልሱ እንዲህ ነው። ቀንድ ለኩታና ለነጠላ ይበቃል፤ ከባዱ ጋቢ ግን በአንድ ነጥብ ተንጠልጥሎ ሲውል ክብደቱ ሁሉ በዚያ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ድሩ ይሳሳል፤ በላዩም ልብሱ ከእርጥቡ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ገመድ ከቀንድ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ብርድ ልብስ ሲሸከም መካከሉ ይረግባል፤ ልብሶቹም ወደ መካከል ተንሸራትተው እርስ በርሳቸው ይተፋፈናሉ፤ የቤቱንም መተላለፊያ ይዘጋሉ። ዛሬ ደግሞ በጀሞ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው የስሚንቶውን ግድግዳ መብሳት ይቸግረዋል፤ ተከራይ የሆነውማ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ምስማር መትከል አይችልም። መሰላል ግን ያለ ምስማር ይቆማል፤ ፀሐይ ሲወጣ ከነልብሱ ለሁለት ተይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ዝናብ ሲመጣም እንዲሁ ይገባል። በክረምት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ ብላ በምትመለስበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ እንጨቱም እንናገር ቢባል፣ አገሩ በግራርና በብሳና ስም ቢጠራም ለዚህ ሥራ ግራርም ብሳናም አይሆኑም። ግራር ጠማማና እሾኻም ነው፤ የቀሩትም ጥቂቶች ለጥላ ቢቆሙ ይሻላል። የብሳና እንጨት ተባይ ቶሎ ያገኘዋል። ጽድና ዝግባ እጅግ መልካም ነበሩ፤ ነገር ግን ስለ ተመናመኑ ለመሰላል ብሎ እነርሱን መቍረጥ ነውር ነው። የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው፤ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ምክንያት ልትለቀቅ በታሰበችበት ጊዜ በፍጥነት አድጎ ከተማይቱን ያቆማት እርሱ ነው። ብዙ ሰው መሬቱን ያደርቃል እያለ ያማዋል፤ ሐሜቱም ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም በእንጨት ተራ አጣና ሆኖ በርካሽ የሚገኘው፣ ቀጥ ብሎም የሚያድገው እርሱ ነው።

ባሕር ዛፍ ግን ጠባዩን የማያውቀውን ሠሪ ያሳፍራል። እርጥብ ሆኖ በፀሐይ ከተጣለ ከጫፉ ጀምሮ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማልም። ስለዚህ አጣናው በተቈረጠ ጊዜ ልጡ ወዲያው ይላጣል፤ ሁለቱ ጫፎቹ በጭቃና በእበት ይመረጋሉ፤ ምክንያቱም እንጨት ከጐኑ ይልቅ በጫፉ ፈጥኖ ይደርቃልና ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ በጥላ ተጋድሞ ይሰነብታል። ልጡን መላጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ትኋን የሚሸሸገው በልጥና በስንጥቅ ውስጥ ነውና፣ ከነልጡ የተሠራ መሰላል ለብርድ ልብሱ ወዳጅ ሳይሆን የትኋን ቤት ይሆናል።

አሁን ወደ ልኩ እንመለስ ቢባል፣ መሰላሉ ሁለት ቋሚና አራት አግዳሚ አለው። ቋሚዎቹ ውፍረታቸው 6 ሴንቲሜትር፣ ርዝመታቸው 1 ሜትር ከ80 ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለው ስፋት 60 ሴንቲሜትር ይሆናል። አግዳሚዎቹ ውፍረታቸው 3 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ሲሆን እያንዳንዳቸው 74 ሴንቲሜትር ይቈረጣሉ፤ ይኸውም 60 ለመካከሉ፣ 12 ለሁለቱ ቋሚዎች ውፍረት፣ 2 ደግሞ በኋላ ለሚከረከመው ትርፍ ነው። መምህሩ ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹን ጠቅላላው እንጨት ስንት ሜትር እንደ ሆነ ቢያስደምራቸው 6 ሜትር ከ56 ያገኛሉ፤ ሦስት ሜትር የሆነ አጣና ስንት እንደሚያስፈልግም ከዚያ ያወጡታል። እዚህ ላይ ግን ያልተጠነቀቀ ልጅ ይሳሳታል፤ ከአንድ አጣና ሁለት ቋሚ አይወጣምና።

የመጀመሪያው አግዳሚ ከታች 45 ሴንቲሜትር ላይ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በየ40 ሴንቲሜትሩ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ስለዚህ በ45፣ በ85፣ በ125 እና በ165 ላይ ይሆናሉ ማለት ነው። ሁለቱ ቋሚዎች ጐን ለጐን ተጋድመው ምልክቱ ባንድነት ይደረግባቸዋል። ለየብቻቸው ቢለኩ ጥቂት መዛነፍ አይቀርም፤ መሰላሉም ያነክሳል።

ከሥራው ሁሉ ዋናው መጋጠሚያው ነው፤ እዚህ ላይ መዘግየት ይገባል። ችኩል ሠሪ አግዳሚውን በቋሚው ላይ ደርቦ በምስማር ይመታዋል። ሥራው በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ጥፋቱም እዚያው ይጀምራል። ስለ ምን ቢሉ፣ ምስማሩ የባሕር ዛፉን ጫፍ ይሰነጥቀዋል፤ እንጨቱ ሲደርቅም ምስማሩ ይላላል። ከዚህም በላይ በባሕር ዛፍ እንጨት ውስጥ ብረትን ሲያገኝ ወደ ጥቍር ሰማያዊ የሚለወጥ ነገር አለ፤ እርጥብ ጋቢ በዚያ ላይ ቢሰቀል በነጩ ልብስ ላይ የሚቀረው ጥቍር ነጠብጣብ በእንዶድም በሳሙናም አይለቅም። ስለዚህ በመሰላሉ ላይ ምንም ብረት ባይኖር ይመረጣል።

የሚሻለው እንዲህ ነው። አግዳሚዎቹ ቀድመው ይዘጋጁና ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣሉ፤ በጢስና በሙቀት ፈጽመው ይደርቃሉ። ቋሚዎቹ ግን ግማሽ ያህል ብቻ ይድረቁ። የቋሚዎቹ ቀዳዳ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ሆኖ በመሰርሰሪያ ከጐን ወደ ጐን ይበሳል፤ መሰርሰሪያ የሌለው በመሮ ይፈለፍለዋል፤ በጋለ ብረት እያቃጠለም የሚበሳ አለ። የአግዳሚው ሁለት ጫፎች በቢላዋና በሞረድ እየተቀረጹ በቀዳዳው ልክ ይቀጥናሉ፤ በእጅ ሲገፉ የማይገቡ፣ በእንጨት መዶሻ ሲመቱ ግን የሚገቡ ይሁኑ። ደረቁ አግዳሚ ግማሽ እርጥብ በሆነው ቋሚ ውስጥ ሲገባ ከቋሚው እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፤ ቋሚውም ከቀን ወደ ቀን እየደረቀ ሲሄድ ቀዳዳው ይጠብባል። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ በየራሳቸው ጠባይ ይያያዛሉ፤ ኮላም አያስፈልግም። ይህ ካልታወቀ፣ ማለት እርጥብ አግዳሚ በደረቅ ቋሚ ውስጥ ከገባ፣ ነገሩ ተገልብጦ አግዳሚው ይከሳና በወሩ በቀዳዳው ውስጥ እንደ ጥርስ ይነቃነቃል።

አግዳሚው ገብቶ ጫፉ በወዲያ በኩል ብቅ ሲል፣ ለማጽናት ሽብልቅ ይመታበታል። ጫፉ አስቀድሞ በመጋዝ ጥቂት ይሰነጠቅና ደረቅ ቀጭን ሽብልቅ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ይህን ስንጥቅ በየት በኩል ማድረግ እንደሚገባ ልብ ይሏል። የቋሚው ጅማት ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነው፤ ስንጥቁ ይህን ጅማት አቋርጦ፣ ማለት መሰላሉ ሲቆም ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ተጋደመ ሆኖ ይታይ። ስንጥቁ ከጅማቱ ጋር አብሮ ቢሄድ ሽብልቁ አግዳሚውን ወደ ጐን ያሰፋውና ቋሚው ከላይ እስከ ታች ፍልጥ ይሆናል። የብዙ ቀን ሥራ በአንድ የመዶሻ ምት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን በአሮጌ እንጨት ላይ ሁለቱንም ዓይነት አስመትቶ ልዩነቱን ቢያሳያቸው ከቃል ይልቅ ያምናሉ።

ሽብልቁ ከመመታቱ በፊት ግን መሰላሉ ቀጥ ማለቱ ይመርመር። ገመድ ከቀኙ ቋሚ ራስ እስከ ግራው ቋሚ እግር ይለካል፤ ደግሞም ከግራው ራስ እስከ ቀኙ እግር ይለካል። ሁለቱ ልክ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ካልሆኑ ረጅሙ ተገፍቶ ይስተካከላል። በሰሌዳ ላይ ስለ አራት ማዕዘን የተማሩት ነገር በእጃቸው ሲገባ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።

በዚህ ሥራ መካከል ለሽማግሌዎች የቀረ አንድ ነገር አለ። ልጁ ከትምህርት ቤት መጋዝ ይዞ ሲመለስ በመንደሩ የሚቀበለው ቃል ምን ይሆን? ፊደል የቈጠረ ልጅ እንጨት ይጠርባል ወይ እያለ የሚስቅ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ስድቡ በዐዋጅ ቢከለከልም ፈገግታው አልተከለከለም፤ ልጅን የሚያሳፍረውም ከስድቡ ይልቅ ፈገግታው ነው። ሽማግሌው በደጁ ተቀምጦ፣ «ልጄ፤ እስኪ አምጣው፣ አግዳሚው ይነቃነቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና በእጁ ይዞ ቢፈትነው፣ ልጁ ሌላ መሰላል ለጐረቤት ይሠራል። «ይህን ደግሞ ማን ሥራ አለህ?» ብሎ ቢያልፈው ግን መጋዙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዝጋል።

የመሰላሉን መልክ ስለ ማሳመር ብዙ መናገር አያሻም። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እሾኩ ሁሉ ይለስልስ፤ እጅ ሲሄድበት የሚይዝ ነገር ካለ ጋቢውንም ይይዛልና። ትርፉ ጫፍ ይከርከም። የንብ ሰም በጨርቅ ቢታሽበት መልካም ነው፤ ዘይት ግን ልብስ ያቈሽሻልና ይቅር። አዲስ እንጨት ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ነጭ ልብስ ስለሚያበላሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሮጌ ልብስ ብቻ ይሰቀልበት።

መሰላሉ ሲቆም እግሩ ከግድግዳው 45 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ይኸውም የርዝመቱ አንድ አራተኛ ነው። ከዚህ ቢቀርብ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ቢርቅ ይንሸራተታል። ዘንበል ማለቱም ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ የታችኛው አግዳሚ ከላይኛው ይልቅ ወደ ፊት ስለሚወጣ፣ ከላይ የተሰቀለው ልብስ ከታችኛው በስተ ኋላ ይወርዳል፣ አንዱ ከአንዱ ላይ አይተኛም፤ በመካከላቸውም ነፋስ ያልፋል። ርዝመቱ 3 ሜትር ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ጋቢ በወርዱ ሦስት ጊዜ ቢታጠፍ 50 ሴንቲሜትር ይሆንና በአግዳሚው ላይ በደኅና ይቀመጣል። በላይኛው አግዳሚ ላይ በርዝመቱ ሳይታጠፍ ቢሰቀል ከሁለት ወገን አንድ ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ ከመሬትም 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ያን ሌሊት ይበልጥ የረጠበው፣ ሕፃን ያደረበት ወይም በሽተኛ ያላበበት፣ ከላይ ይሰቀል። በሌሎቹ አግዳሚዎች ላይ ልብሱ በርዝመቱም አንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ በቀትር ጊዜ ግን ውስጡ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ከሁሉ በታች ያለው ለሕፃን ልብስ ነው።

ይህ መሰላል የመውጫ መሰላል አይደለም። መልኩ ስለሚመስል ሕፃን ሊወጣበት ይሞክራልና፣ የአንዱ ቋሚ ራስ በጠፍር ወይም በገመድ ከምሰሶው ወይም ከመስኮቱ ብረት ጋር ይታሰር፤ ወደ ደጅ ሲወጣ ይፈታል። ከምድጃና ከኵራዝም ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ የጥጥ ልብስ እሳት ፈጥኖ ይይዘዋል።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ልብሶቹ ሁሉ ይውረዱና እያንዳንዱ አግዳሚ በእጅ ተይዞ ይጠምዘዝ። የማይዞር ከሆነ ደኅና ነው። የሚዞር ከተገኘ የድሮው ሽብልቅ ወጥቶ ጥቂት የወፈረ ደረቅ ሽብልቅ በዚያው በድሮው ስንጥቅ ይመታበታል፤ ቋሚው በመጀመሪያው ክረምትና በጋ እየደረቀ ስለሚሄድ ይህ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው በአንደኛው ዓመት ነው።